ወረፋው የማን ነው? የራውተር «ምርጥ አሠራር» ከሲሪንቃ ሲታይ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የተጓዘ ሰው ሲሪንቃን ያውቃታል። ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን አልፋችሁ፣ ወልዲያ ከመግባታችሁ በፊት መንገድ ዳር ታገኟታላችሁ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ ግን በግብርና ምርምር ማዕከሏ ምክንያት ከስፋቷ በላይ ርቆ ይሰማል። ግራና-1 እና ምስክር የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከዚህ ማዕከል የወጡ ናቸው። ማሽላ ዝናብ ሲያጥር ወሎን የሚያኖር እህል ስለሆነ፣ እዚያ የሚሠራው ሥራ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ማሽላና ራውተር ምን አገናኛቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ትችት ነው፤ የምተቸው ደግሞ በየመማሪያ መጽሐፉና በየሥልጠናው የሚደጋገመውን፣ እኔም ራሴ ለዓመታት ለተማሪዎቼ ያለ ብዙ ጥያቄ ያስተማርኩትን አንድ አሠራር ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ትራፊክ ሼፒንግ ይባላል። እኛ «ፍሰት መመጠን» ብንለው ያስኬዳል። ትምህርቱ ሐሰት አይደለም። የሆነ ቦታ ቆሞ ነው የተጻፈው፤ ቦታው ደግሞ ሲሪንቃ አይደለም።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ይግባን። እስቲ ምሳሌ እንፍጠር። ምሳሌ ነው፤ የማዕከሉ መስመር እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። አንዲት ወጣት ተመራማሪ አቀንጭራ የወረረውን የማሽላ ማሳ ፎቶ አንሥታለች። ፎቶዎቹ 200 ሜጋባይት ይሆናሉ። ባሕር ዳር ወዳለው የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መላክ ፈልጋለች። የቢሮው መስመር በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው። 200 ሜጋባይት ማለት 1,600 ሜጋቢት ነው። ለ2 ስናካፍለው 800 ሰከንድ፣ ማለትም 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይመጣል። መጥፎ አይደለም፤ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ያልቃል።

ችግሩ ቢሮው ውስጥ ሌላም ሰው አለ። ፎቶው መላክ ሲጀምር፣ ጎን ያለው ባልደረባዋ በኢንተርኔት ስልክ እያወራ ነው። ወዲያው ድምፁ ይቆራረጣል፣ «ሃሎ? ሃሎ?» ይጀመራል። ሌላዋ ኢሜይል ልትከፍት ትሞክርና ክቡ ይሽከረከርባታል። ከዚያ የለመድነው ፍርድ ይሰጣል፦ «ኔትወርክ የለም!»

ኔትወርክ ግን አለ። እንዲያውም ያለው ሁሉ እየሠራ ነው። የጠፋው ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ከኮምፒውተሯ እስከ ቢሮው ራውተር ያለው ገመድ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት ያስኬዳል። ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር 2 ብቻ ነው። 500 ለ1 ማለት ነው! ልክ የበዓል ሰሞን የወልዲያ መናኸሪያን አስቡት፤ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ የሚወጣው አውቶቡስ ግን አንድ ነው። ትርፉ የሚጠብቅበት ቦታ በፈር ይባላል፤ የማቆያ ማህደረ ትውስታ ነው። ይህ ማቆያ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከራውተሩ ቀጥሎ ባለው ሞደም ውስጥ ነው። ማቆያው 1 ሜጋባይት ቢሆን፣ 8 ሜጋቢት በ2 ሲካፈል 4 ሰከንድ ነው። ስለዚህ የባልደረባዋ ድምፅ ከኋላ ገብቶ 4 ሰከንድ ይሰለፋል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ደግሞ ለጥሩ የስልክ ንግግር ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይላል። 4 ሰከንድ የዚያ ከ26 እጥፍ በላይ ነው።

ብዙ ሰው «ማቆያው ትልቅ ሲሆን ይሻላል» ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። ትልቅ ማቆያ ፓኬት አይጥልም፤ ነገር ግን ሁሉንም ያስረጃል። ይህን በሽታ አሜሪካዊው ጂም ጌቲስ 2010 ገደማ በየቤቱ ሞደም ውስጥ አግኝቶ «በፈርብሎት» ብሎ ሰየመው፤ የማቆያ ቁንጣን እንደማለት።

አሁን ፍሰት መመጠን ይገባል። ራውተሩን «2 ቢኖርህም አንተ በ1.9 ብቻ ላክ» እንለዋለን። ሞኝነት ይመስላል አይደል? ያለንን ራሳችን ቀነስነው። ግን ራውተሩ ሞደሙ ከሚችለው በታች ስለሚልክ ሞደሙ ውስጥ ወረፋ አይጠራቀምም። ወረፋው ወደ ራውተራችን ተዛወረ። እዚያ ደግሞ የምናዘው እኛ ነን፤ «ድምፅ ይቅደም፣ ፎቶ ይከተል» ማለት እንችላለን። የትምህርቱ ሁሉ እምብርት ይህ ነው፤ ፍሰት መመጠን ፍጥነት አይጨምርም፣ ወረፋውን ልታዙት ወደምትችሉበት ቦታ ያመጣዋል።

ዋጋውን እናስላ። አንድ የድምፅ ጥሪ በሰከንድ 80 ኪሎቢት ገደማ ይፈልጋል። ከ1.9 ሜጋቢት ሲቀነስ 1.82 ይቀራል። 1,600 ለ1.82 ሲካፈል 879 ሰከንድ ነው። ፎቶዎቹ የዘገዩት በ79 ሰከንድ ብቻ ነው። በአንድ ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሙሉ ጥሪ ተረፈ! አንድም ሳንቲም ተጨማሪ አልተከፈለም። ይህን ስታዩ ለምን ያለ ጥያቄ እንዳስተማርኩት ይገባችኋል። ያምራል።

ራውተሩ 1.9ን የሚጠብቀው በቶክን ባልዲ ነው። ባልዲው ውስጥ በየጥቂት ሚሊ ሰከንዱ የተወሰነ ቲኬት ይጨመራል፤ ፓኬት የሚወጣው ቲኬት ሲያገኝ ነው። ቲኬት ካለቀ ይጠብቃል። የዚህ ወንድም ፖሊሲንግ ይባላል፤ እሱ ግን ማስጠበቅ አያውቅም፣ ቲኬት ያጣውን ፓኬት ይጥላል። መስመር የሚያከራየው ድርጅት በርላይ ፖሊሲንግ ካቆመና እኛ ካልመጠንን፣ የተጣለውን ፓኬት ያየው ቲሲፒ «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የከፈልንበትን 2 እንኳን በቅጡ አንጠቀምበትም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትችቴን ልወርውር፤ ትንሿን ነው። የማዋቀሪያ ትእዛዞቹ ከመጽሐፍ ይገለበጣሉ፣ ቁጥሮቹ ግን አይሰሉም። ለምሳሌ በአንዳንድ የቆዩ ቅንብሮች ቲኬት የሚጨመረው በየ125 ሚሊ ሰከንድ ነበር። በ1.9 ሜጋቢት ሲሰላ በአንድ ጊዜ 237,500 ቢት ይለቀቃል። የራውተሩ በር 100 ሜጋቢት ከሆነ ይህን ሁሉ በ2.4 ሚሊ ሰከንድ ይተፋውና ቀሪውን 122 ሚሊ ሰከንድ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ መጀመሪያ ላይ የደረሰ ድምፅ ከ150ው አብዛኛውን በር ላይ ቆሞ ጨረሰው ማለት ነው። ክፍተቱን 10 ሚሊ ሰከንድ ብናደርገው በየዙሩ 19,000 ቢት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ፓኬትና ትንሽ ትርፍ ይወጣል፤ ችግሩ ይጠፋል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው ልዩነቱ። ተማሪዎቻችን ትእዛዙን በቃላቸው ይወጡታል፤ ይህን ማካፈል ግን ስንቱ ሠርቶታል?

ሁለተኛው ትችት ከበድ ይላል። መጽሐፉ የሚያስበው መስመር አይናወጥም። 2 ከተባለ ሌሊትም ቀንም 2 ነው። እውነተኛው የገጠር መስመር እንዲህ አይደለም። ፋይበሩ ሲቆረጥ በሞባይል ዳታ ይሠራል፤ ሞባይሉ ደግሞ ገበያ ቀን አንድ፣ ሌሊት ሌላ ነው። ራውተሩን 1.9 ላይ አሥራችሁት መስመሩ ወደ 1.2 ሲወርድ ምን ይፈጠራል? ራውተሩ በ1.9 መላኩን ይቀጥላል፣ ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ ያ ሁሉ ቅደም ተከተል ከንቱ ይሆናል። ቅንብሩ ሲታይ ግን ልክ ነው! ባለሙያው ሰነዱን አሳይቶ «ሠርቻለሁ» ይላል፤ ተጠቃሚው «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ለዚህ መፍትሔ ከታሰበ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 «ኮዴል» የሚባል ዘዴ አቀረቡ። ኮዴል የወረፋውን ርዝመት አይቆጥርም፤ ፓኬቱ ስንት ጊዜ ቆመ ብሎ ይጠይቃል። ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሁሉም ፓኬት ከ5 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከቆመ፣ አንዳንዱን እየጣለ ላኪውን «ቀስ በል» ይለዋል። ከዚህ ጋር ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ትንሽ ወረፋ የሚሰጥ ዘዴ ተዳምሮ ኤፍኪው-ኮዴል ተባለ፤ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ውስጥ አለ። ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ከሆነ እሱም አያየውም፤ ስለዚህ ተአምር አይደለም። ግን የእኛ ሥልጠናዎች አሁንም የሚያተኩሩት አራት ሳጥን ሠርቶ መቶኛ በማደል ላይ ነው።

ወደ ሦስተኛው ትችት ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። እነዚያ አራት ሳጥኖች ምንድን ናቸው? መጽሐፉ እንዲህ ይደረድራቸዋል፦ አንደኛ ድምፅ፣ ሁለተኛ ቪዲዮ ኮንፈረንስ፣ ሦስተኛ «ወሳኝ» ሥራዎች፣ አራተኛ «ሌላው ሁሉ»። ይህ ቅደም ተከተል ተፈጥሯዊ ይመስላል። ቪዲዮ መዘግየት አይችልም፣ ፋይል ይችላል። በፊዚክስ ዓይን ልክ ነው።

አሁን በሀገራችን ዓይን እዩት። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ወረዳኔትን መዘርጋት ጀመረ፤ ፌዴራሉን፣ ክልሎችንና ወረዳዎችን የሚያገናኝ ኔትወርክ ነው። ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ዲሽ ነበር። ከአገልግሎቶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የቪዲዮ ኮንፈረንሱ ነው፤ ከላይ ያለው ይናገራል፣ ወረዳው ተሰብስቦ ያያል። በዚያው ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ታላላቆቻችሁ «ፕላዝማ» ሲሉ የሚያወሩት ማለት ነው። ፕላዝማው ያስተምራል እንጂ ተማሪ እጁን ቢያወጣ አያይም።

ሁለቱም ትልቅ ሥራዎች ነበሩ፤ አስፋልት ያልደረሰበት ቦታ ዲሽ ማድረስ ቀላል አይደለም። ግን አቅጣጫቸውን አስተውሉ። የሚወርደው ምስልና ድምፅ ነው፤ የሚወጣው ሪፖርት፣ መረጃ፣ የማሳ ፎቶ ነው። በመጽሐፉ ቅደም ተከተል የሚወርደው ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል። የሚወጣው ደግሞ «ሌላው ሁሉ» ይባላል።

ወደ ተመራማሪዋ እንመለስ። ያ ቢሮ 1.5 ሜጋቢት የሚፈልግ ቪዲዮ ኮንፈረንስ ውስጥ ገባ እንበል፤ የራሱንም ምስል ይልካል። ከ1.9 ላይ 1.5ቱን ቪዲዮው፣ 0.08ቱን ድምፁ ወሰዱ። 0.32 ቀረ። 1,600 ለ0.32 ሲካፈል 5,000 ሰከንድ ነው፤ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ። በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከዜሮ። በነገራችን ላይ ሥልጠናዎቹ ቅድሚያ የሚሰጠው ድርሻ ከመስመሩ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ጥሩ ምክር ነው። ግን ስብሰባውን የጠራው ኃላፊ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ሲቆራረጥ፣ ወጣቱ የአይቲ ባለሙያ ደንቡን ይዞ የሚከራከር ይመስላችኋል?

ሳተላይት ላይ ደግሞ መጽሐፉ ጭራሽ አይናገርም። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት ጋ ደርሶ ለመመለስ ብርሃን ራሱ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጥያቄና መልስ ሲሆን ግማሽ ሰከንድ ነው። የ150 ሚሊ ሰከንዱ ሕግ ራውተሩ ገና ሳይበራ ፈርሷል! በዚህ መስመር ላይ ቀጥታ ንግግርን አንደኛ አድርጎ ሙሉውን መስመር ለእሱ መገበር፣ በደካማው ጎን ውርርድ እንደመግባት ነው። ከዘገየ የማይጎዳው ፋይል ለዚህ መስመር የተሻለ ተስማሚ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ራውተር መመጠን የሚችለው የሚልከውን እንጂ የሚቀበለውን አይደለም። ወደ ወረዳው የሚወርደው ወረፋ ያለው በሌላኛው ጫፍ፣ በአከራዩ ወይም በማዕከሉ ራውተር ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ወረዳ ምንም ጎበዝ ባለሙያ ቢኖረው፣ በራሱ ላይ የሚወርደውን ቅደም ተከተል የሚወስንለት ሩቅ ያለ ሰው ነው። ይህ የትእዛዝ ጉዳይ አይደለም፤ የንግግር ጉዳይ ነው። በየትኛው መጽሐፍ ላይ «መጀመሪያ ከሌላኛው ጫፍ ጋር ተነጋገሩ» የሚል ምዕራፍ አያችሁ?

መምህራን ኔትወርክን በቧንቧ እንመስላለን፤ «ሰፊ ቧንቧ፣ ብዙ ውሃ»። ይህ ምሳሌ ነው ያበላሸን። ሀብሩ ውስጥ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ የተሻለ ምሳሌ ያውቃል፤ ተራ። በብዙ የክልላችን ባህላዊ መስኖዎች «የውሃ አባት» ይመረጣል። ማን መቼ ያጠጣል የሚለው ይታወቃል፣ ተራው የተዘለለ ሰው የሚከስበት ቦታ አለው። የእኛ ራውተርም ያው ውሃ የሚያካፍል ነው። ልዩነቱ፣ ተራው አንድ ሰው ብቻ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ውስጥ መደበቁ ነው። ተመራማሪዋ ፎቶዋ ለምን እንደዘገየ አታውቅም። የምታውቀው «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ብቻ ነው። ክስ የማይቀርብበት ዳኝነት ማለት ይህ ነው።

የተደበቀ ተራ ሌላም ቦታ ጣጣ አምጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ኮምካስት የተባለው ድርጅት በ2007 የፋይል ልውውጥ ግንኙነቶችን ደንበኞቹ ሳያውቁ እያቋረጠ ተገኘ፤ በ2008 የሀገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ድርጊቱን አወገዘ። ውሳኔው በኋላ በፍርድ ቤት ቢሻርም፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ከክርክሩ ጥያቄዎች አንዱ ለተጠቃሚው መነገር አለበት የለበትም የሚለው ነበር።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፣ መስመሩን አስፉት!» የሚሉ ይኖራሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቀኑን ሙሉ 6 ሜጋቢት የሚፈልግ ቢሮ 2 ሜጋቢት ይዞ ቢመጥን፣ የሚያከፋፍለው ረሃብ ነው። ምጠና ለእጥረት መሸፈኛ ሲሆን እኔም እቃወማለሁ። ግን ማስፋት ብቻውን አያድንም። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለ መስመር ፍሰቱ በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ፤ ሁለቱ ቦታዎች የሚራራቁት 400 ሜትር እንኳን አይሞላም። መስመሩ አልተበጠሰም። ሁሉም እየገፋ፣ የጠፋውን ደግሞ እየላከ አፈነው። ከላይ ስሙን ያነሣሁት ቫን ጃኮብሰን መፍትሔውን ያገኘው ሽቦ በመጨመር አልነበረም፤ ኮምፒውተሮቹ ምልክት አይተው ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ በማስተማር ነው። ዛሬ ስልካችሁ የሚጠቀምበት ቲሲፒ ያንን ትዕግሥት ይዟል።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ዛሬ ማታ ሞክሩት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ፒንግ አስነሡና የሚመልሰውን ሚሊ ሰከንድ ጻፉ። ከዚያ ትልቅ ፋይል መላክ ጀምሩና እንደገና ተመልከቱ። ቁጥሩ ከ50 ወደ 1,000 ካሻቀበ፣ ወረፋውን በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው። የመላኪያ ፍጥነት መወሰን የሚችል ራውተር ካላችሁ ከመስመሩ 85 በመቶ ላይ አድርጉትና ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ካልወረደ ትንሽ ቀንሱት። ቁጥሩ የሚረጋበት ቦታ ስታገኙ ወረፋው ወደ እጃችሁ መጥቷል።

ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከእናንተ አንዳንዱ የአንድ ወረዳ ቢሮ ወይም የአንድ ምርምር ማዕከል ራውተር ቁልፍ ይሰጠዋል። ያኔ ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ወረፋው አሁን የት ነው ያለው? መስመሩ ሲደክም ወዴት ይሸሻል? የሚጠብቀውስ ማነው፣ እሱስ ያውቃል? ለሦስተኛው መልስ ለማግኘት ወንበራችሁን ትታችሁ ቢሮ ለቢሮ መዞር አለባችሁ። የደረሳችሁበትን ቅደም ተከተል በአማርኛ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ «ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ስብሰባ ካለ ፋይል ይዘገያል፤ ከ6 በኋላ የማሳ መረጃ ይቀድማል» ብላችሁ። የማይስማማ ሰው ይምጣና ይከራከር።

እኔም በሚቀጥለው መንፈቅ ትምህርቱን ከአራቱ ሳጥኖች አልጀምርም። ከፎቶዋና ከ5,000 ሰከንዱ እጀምራለሁ።